«ይቺው ናት»

ከሶዶ ከተማ ተነሥተን ዳሞታ ተራራን የወጣን ዕለት፣ ገና ከግማሽ ሳንደርስ ጉልበታችን ከዳን። የእንሰት ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ አንድ አዛውንት አገኘን። ወላይትኛ የሚያውቀው ጓደኛችን ጫፉ ምን ያህል እንደሚቀር ጠየቀልንና፣ «ይቺው ናት ይላሉ» አለን። «ይቺው» የተባለችው መንገድ ግን ላባችንን ጨረሰችው። የዚያን ዕለት ሽማግሌውን ስናማቸው ዋልን። ለመሆኑ ዋሽተውናል እንዴ?

ይህን ጥያቄ የቀሰቀሰብን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ትምህርት ነው። የሩቢክ ኩብ የተባለው መጫወቻ ከ43 ሚሊዮን ሚሊዮን ሚሊዮን በላይ አቀማመጥ አለው፤ ሁሉን ልሞክር ያለ ኮምፒዩተር ዕድሜ አይበቃውም። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሪቻርድ ኮርፍ እ.ኤ.አ. በ1997 መላውን ከማስታወስ ዘንድ ፈለገ። የጠርዞቹን ነገር ለጊዜው ትቶ ስምንቱን ማዕዘኖች ብቻ ያዘ፤ የእነሱ አቀማመጥ 88,179,840 ነው። ከተፈታው ኩብ ወደ ኋላ እየተጓዘ፣ እያንዳንዱ አቀማመጥ ቢያንስ በስንት እርምጃ እንደሚስተካከል ቆጥሮ መዘገበ። ለጠርዞቹም ከፋፍሎ እንዲሁ አደረገ። ኮምፒዩተሩ ፍለጋ ሲወጣ በየመንታው መንገድ መዝገቡን «ከዚህ ስንት ይቀራል?» እያለ ይጠይቃል። ማዕዘኖቹ ብቻቸውን ያን ያህል እርምጃ ከፈለጉ፣ ሙሉው ኩብ ከዚያ በታች አይፈታም። እንዲህ ሆኖ፣ በዘፈቀደ የተመሰቃቀሉ 10 ኩቦች በአጭሩ መንገድ ተፈቱ።

ቁም ነገሩ ይህ ነው፤ መዝገቡ ሩቁን አቅርቦ ሊናገር ይችላል፣ ቅርቡን ግን አያርቅም። መንገድ ያሳጠረ ትዝታ የሚያስከፍለን ላብ ነው። መንገድ ያስረዘመ ትዝታ ግን ጥሩውን መንገድ ሳናየው ሊያስጥለን ይችላል።

ሽማግሌው የነገሩን በራሳቸው እግር የለኩትን ነው። የእኛን ጫማና ትንፋሽ አልቆጠሩም፤ መዝገቡ ጠርዞቹን እንዳልቆጠረ ሁሉ። ጎደለ እንጂ አልዋሹም። ፊዚክስ ልትመርጥ የነበረችውን ጓደኛችንን «ኧረ ተይ፣ እሱ የሰው ትምህርት አይደለም!» ብሎ ያስጣላት ነባር ተማሪስ? የራሱን ውድቀት በመንገዱ ርዝመት ላይ ደመረበት። እሷም መንገዱን ሳታየው ቀረች።

«ታዲያ ሁሉን ቀላል ነው እንበል?» የሚለን አይጠፋም። አይደለም! ለሁሉም «ቅርብ ነው» የሚል መዝገብ ምንም አልተናገረም፤ ከእውነቱ ሳያልፍ ወደ እውነቱ የተጠጋው ይሻላል። ደግሞም ኮምፒዩተር ተሳስቶ ቢመለስ አይሞትም። ቢላቴ ወንዝ ሞልቶ ሳለ «ጥልቅ አይደለም» ማለት ግን ሰው መግደል ነው። ሕይወት ባለበት ላይ ማስፈራቱ ይሻላል።

የእኛ ጭንቀት ግን ስለ ወንዝ አይደለም፤ በሚቀጥለው ዓመት ስለሚመጡት አዲስ ገቢዎች ነው። እነሱም ይጠይቁናል። የሄድንበትን ቆጥረን እንንገራቸው፤ ድካማችንን ግን በእነሱ መንገድ ላይ አንደምርባቸው።