የተፈቀደው ሁሉ ይጠቅማልን?



በበከኒሳ ቀሴም ሆነ በሌሎች የወለጋ ከተሞች ወጣቶችን ስለ ጫት ስንመክር፣ «አባ፣ ሕግ የፈቀደው ነው» የሚል መልስ እንሰማለን። መልሱ እውነትነት አለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አደንዛዥ ዕፅን ይከለክላል፤ ጫት ግን በገበያ በግልጽ ይሸጣል፤ ወደ ውጭም ተልኮ ምንዛሪ ያስገኛል። በለጋ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ግን ለብቻው ሲወጣ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው።

«ይፈቀድ» ወይስ «ይከልከል» የሚለውን ክርክር የግራና የቀኝ ፖለቲካ ጉዳይ ብቻ አድርገው የሚያዩ አሉ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2013 ካናቢስን በሕግ የፈቀደው የኡራጓይ መንግሥት የግራው ወገን ሲሆን፣ ከቀኙ ወገን የሚቆጠረው አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ሚልተን ፍሪድማንም የዕፅን ክልከላ ተቃውሟል። በ2014 በወግ አጥባቂዎች የሚመራው የብሪታንያ መንግሥት ጫትን የከለከለው፣ የራሱ አማካሪ ምክር ቤት አትከልክሉ ብሎ ሳለ ነው። እንግዲህ ወገን መምረጥ ኅሊናን ከመመርመር አያድንም።

ቤተ ክርስቲያን ለሕክምና ካልሆነ በቀር ዕፅ መውሰድን ከባድ በደል ትለዋለች (ትምህርተ ክርስቶስ ቁ. 2291)። የቀድሞው ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም በ2014 ለመዝናኛ የሚባሉ ዕፆች በሕግ እንዲፈቀዱ የሚቀርበውን ሐሳብ ተቃውመዋል፤ ለወጣቱ ትምህርትና ሥራ እንደሚያስፈልገውም አሳስበዋል። ጫት በዕፅ ስም ይጠራ ወይም አይጠራ ሊቃውንት ይከራከሩበት። ቅዱስ ጳውሎስ ግን የተፈቀደ ነገር እንኳ በእኛ ላይ እንዳይሠለጥን ያስጠነቅቃል (1ቆሮ. 6፥12)። ስለዚህ እያንዳንዳችን እንጠይቅ፦ ያለ እርሱ መዋል እችላለሁን? የልጆቼን ደብተርና እንጀራ እየበላብኝ ነውን? ከጸሎትና ከቤተሰቤ ለይቶኛልን?

ነገር ግን በቃሚው ላይ ብቻ አንፍረድ። ጫት ተክሎ ልጆቹን የሚያሳድግ ገበሬ አለ፤ ሥራ አጥቶ ከሰዓት በኋላውን የሚያሳልፍበት ያጣ ወጣት አለ። «ሕግ ይከልክልልን» ከማለታችን በፊት፣ ያ ወጣት ቅጠሉን ቢተው የት እንዲውል አዘጋጅተናል? የቁምስናችን አዳራሽ በዚያ ሰዓት ተዘግቶ ይውላልና።

መምህራን ሆይ፤ በዚህ ሩብ ዓመት እያንዳንዳችሁ አንድ ወጣት በስሙ ጥሩ፤ ሳትነቅፉ አድምጡት፤ አብራችሁትም ሥራ ፈልጉ። ሕግ የፈቀደውን ለመተው ኃይል የሚሰጠው ፍቅር ነውና። አሜን።