«ተባርኬበታለሁ» ከማለታችን በፊት

ቅዳሜ የወጣቶች ፕሮግራም ሲያልቅ ገርጂ አካባቢ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ስድስት ሰባት ሆነን እንቀመጣለን። በቅርቡ ከመካከላችን አንዱ የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ውስጥ ሰክቶ «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ስማና ምን እንደሚመስልህ ንገረኝ» አለኝ። የሮፍናን ሥራ ነበር። እኔ አፌን ሳልከፍት አጠገቡ የተቀመጠችው እህት «ዘፈን ነው እኮ! ምኑን ይነግርሃል?» አለችው። ወሬው ቀጠለና በዚያው ሰሞን ስለ ወጣ አንድ የመዝሙር አልበም ተነሣ። «እሱስ እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም በአንድ አፍ «ተባርከንበታል» አሉ። የትኛው መዝሙር? ዝም። ምኑ ነው የነካችሁ? አሁንም ዝም።

ስለዚያ ዝምታ ነው የምጽፍላችሁ። አንዱን ሳንሰማ የምንጥልበት ቃል አለን፣ ሌላውን ሳንሰማ የምንቀበልበት ቃልም አለን። ሁለቱም ጆሮ አይጠይቁም። ታዲያ አንድ አማኝ ስለ አዲስ አልበም «ይህ መልካም ነው፣ ይህ ደካማ ነው» ብሎ መናገሩ መፍረድ ነው? ዝም ማለቱስ ፍቅር ነው?

መጀመሪያ «ዘፈን» የምንለውን ቃል እንየው። አብዛኞቻችን በምናነበው የ1954 ዓ.ም. ትርጉም፣ ገላትያ ምዕራፍ 5 ላይ በሥጋ ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ «ዘፋኝነት» የሚል ቃል አለ። ብዙ ወጣት ጊታሩን የሸጠው፣ ብዙ እናትም የልጇን ካሴት እሳት ውስጥ የጨመረችው በዚህ ቃል ነው። በግሪኩ ያለው ቃል ኮሞስ ይባላል። ኮሞስ ከመጠጥ በኋላ በየመንገዱ እየጮኹ የሚዞሩበት፣ ልቅነት ያለበት የሌሊት ፈንጠዝያ ነው። በሮሜ 13፡13 «ዘፈን» ተብሎ የተተረጎመውም ይኸው ቃል ነው። ይህን የምላችሁ በር ልከፍትላችሁ አይደለም። ቦሌ ውስጥ አርብ ሌሊት የሚሆነውን የምታውቁ ጳውሎስ ስለ ምን እንደ ተናገረ ይገባችኋል። ነገር ግን ቃሉ የሚኮንነው አኗኗርን ነው እንጂ ክራርን ወይም ኮምፒውተርን አይደለም። ስለዚህ አንድ ሥራ በየትኛው ወገን እንዳለ ለማወቅ መስማት ግድ ይሆናል፤ ስያሜው ሥራውን አይሠራልንም።

ደግሞ ቃል የሌለውን ምን እንለዋለን? ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ። ወደ አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንና የኤሌክትሪክ ኪቦርዶችን ብቻቸውን ተጫውተው አንድ ካሴት አወጡ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ነዱ። ኪቦርዳቸውን መኪናው ውስጥ ይዘው ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቁ ይለማመዱ ነበር። ያን ካሴት ከረጅም ጊዜ በኋላ አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ አገኘውና እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ። በ2018 «ላላ በሉ» የተባለው አዲስ አልበማቸው ሲወጣ የውጭ አገር የሙዚቃ ሃያሲያን እየተቀባበሉ ጻፉበት። እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላው ነው፤ እኛ የት ነበርን? በእኛው ቅኝት የተሠራውን፣ በእኛው ገበያ የተሸጠውን ካሴት «ይህ መልካም ነው» ለማለት ሃያ ስምንት ዓመትና የውጭ ሰው ለምን አስፈለገ? አንዳንዴ አለመናገርም ሰውን መፍረድ ይሆናል።

«ሂስ» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ወላጆቻችንን ያስደነግጣል። በደርግ ጊዜ በየስብሰባው «ሂስና ግለ ሂስ» ይባል ነበርና ቃሉን ከሰሙ በኋላ የሚመጣውን ያውቁታል። እናንተ ያን ፍርሃት አላያችሁም፣ ግን ወርሳችሁታል። ላዩ ላይ ይሉኝታ ሲጨመርበት «ተባርኬበታለሁ» ይወጣል።

ጌታችን በማቴዎስ 7 እንዳንፈርድ አዟል፤ ይህን ጥቅስ የማያውቅ የለም። ምዕራፉን እስከ መጨረሻው የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። ጌታ ምሰሶውን ከዓይናችን እንድናወጣ የሚያዝዘን ጉድፉን ከወንድማችን ዓይን ለማውጣት አጥርተን እንድናይ ነው። ጉድፉ እዚያው ይቅር አላለም። ጥቂት ወረድ ብሎም ሐሰተኞችን ከፍሬያቸው እንድንለይ ይነግረናል። የተከለከለው በሰው ነፍስ ላይ ዳኛ ሆኖ መቀመጥ ነው፤ የሰውን ሥራ መመዘን አይደለም። በቆሮንቶስ ቤተ ክርስቲያን ነቢይ ሲናገር እንኳ ሌሎቹ እንዲመዝኑ ጳውሎስ አዟል። ነቢይ ከተመዘነ የኪቦርድ ባለሙያ የማይመዘንበት ምክንያት አይታየኝም።

ዳዊት ለዜማ ሥራ የለያቸው ሰዎች የተማሩና ብልሃተኞች ነበሩ። ቁጥራቸውን 1ኛ ዜና 25 ላይ ታገኛላችሁ፣ 288። ክናንያ በዜማ ላይ የተሾመው ስለሚችል ነው ይላል፤ ስለሚያለቅስ አይልም። በአሞጽ ዘመን ደግሞ እግዚአብሔር ራሱ የመዝሙራቸውን ጩኸት ከፊቱ እንዲያርቁ ነገራቸው። ችግሩ የቅኝት አልነበረም፤ ድሃው በበር ላይ ፍርድ አጥቶ ነበር። እንግዲህ መዝሙር በሁለት ወገን ይመዘናል ማለት ነው፣ በእጅ ብልሃትና በእውነት። አንዱ ሌላውን አይተካም።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሲኤምሲ አካባቢ የሚኖር፣ በዕድሜ የሚያንሰኝ አንድ ወንድም የመጀመሪያ አልበሙን ሊሠራ ተነሣ። ገንዘቡ የሁለት ዓመት ዕቁብ ነበር። ስቱዲዮ ከመግባቱ በፊት በስልኩ የቀዳቸውን ላከልኝና «አስተያየትህን እፈልጋለሁ» አለኝ። አንድ ጠዋት ከአያት ባቡር ተሳፍሬ አዳመጥኳቸው። አንድ አልበም ባቡሩ ጦር ኃይሎች እስኪደርስ ከሞላ ጎደል ያልቃል፤ እኔ ግን መገናኛ ስወርድ አቆምኩት። ከሰማኋቸው መካከል አንዱ፣ የሚያምን ሰው በሕመም አልጋ ላይ እንደማይተኛ የሚናገር ስንኝ ነበረው። ቆረቆረኝ። ዜማው ያምር ነበር፣ ልጁም ጨዋ ነው። «ተባርኬበታለሁ፣ ጌታ ይጠቀምብህ» ብዬ ጻፍኩለት።

አልበሙ ወጣ። የወጣቶች መዘምራን ያንኑ መዝሙር ወሰዱት። ከመካከላችን እናቷ በሳምንት ሁለት ጊዜ የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ አንዲት እህት ነበረች። መዝሙሩ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ተነሥታ ወጣች። በሚቀጥለው እሑድም ወጣች። በሦስተኛው አልመጣችም። ቤታቸው ስሄድ ደጅ ላይ አግኝታኝ «ጋሼ፣ እማዬ እምነት የላትም ማለት ነው?» አለችኝ።

ያን ስንኝ ከእርሷ ብዙ ወራት ቀድሜ ሰምቼዋለሁ። ለዘማሪው ስነግረው አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በተሻለ ነበር። «ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም? ገና ስቱዲዮ አልገባሁም ነበር እኮ» አለኝ።

ደግ የመሰለኝ ዝምታዬ እንዲህ ሁለቱን ጎዳ። የወዳጅ ማቁሰል ከጠላት መሳም እንደሚሻል ምሳሌ 27 ላይ ብዙ ጊዜ አስተምሬያለሁ። በእኔ በኩል ግን መሳሙ ቀለለኝ።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ እንዳላችሁ አውቃለሁ። «ያ ደካማ የምትለው መዝሙር እኮ ሆስፒታል ተኝቼ ያጽናናኝ ነው» የሚል ሰው ቢመጣ ምን እለዋለሁ? አልከራከረውም። ተስፋዬ ጋቢሶን አስቡ። በደርግ ዘመን ስለ እምነቱ ለሰባት ዓመት ገደማ የታሰረ ዘማሪ ነው። የዚያ ዘመን ካሴቶች ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጡ ነው ወደ እኛ የደረሱት፤ ከድምፁ እኩል የቴፑ ሹክሹክታ ይሰማ ነበር። የዛሬ የድምፅ ባለሙያ ቢሰማቸው ጭንቅላቱን ይይዛል። እኛ ግን ከባድ አድርገን እንመዝናቸዋለን፤ ቃሉ ዋጋ ተከፍሎበታልና። ስለዚህ የቀረጻ ጥራት ሚዛኑ ሁሉ አይደለም። ይሁን እንጂ ድምፁ የተበላሸ ሁሉ ተስፋዬ ጋቢሶ አይደለም። እግዚአብሔር በደካማ መዝሙር ሰው ማጽናናቱም የእርሱን ቸርነት ይናገራል፤ መዝሙሩ መልካም ነው ማለት አይደለም። በአህያ አፍም ተናግሯል፤ ከዚያ በኋላ አህያይቱን መዘምራን ውስጥ ያስገባት የለም።

ወደ ሻይ ቤቱ ልመለስ፣ ለልጁ መልስ አለብኝ። የሮፍናንን «ነጸብራቅ» (እ.ኤ.አ. 2018) ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምቼዋለሁ። የኮምፒውተር ምት ከአገራችን ምት ጋር ሲያጋባ የእኛን ለጌጥ ከላይ አልበተነውም፤ መሠረት አድርጎታል። ይህ ትጋት ነው፣ መመስገንም አለበት። የሰው ልጅ በእግዚአብሔር መልክ መፈጠሩን የምናምን ከሆነ፣ ብልሃትን ቤተ ክርስቲያን በማይሄድ ሰው እጅ ስናይም መደንገጥ የለብንም። ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ»ን በ2012 ሲያወጣ ሮክ ጊታርን ከእኛ ቅኝት ጋር ለማስማማት የሞከረውም ድፍረት ነበረው፤ ለእኔ ጆሮ ጊታሩ አልፎ አልፎ ቃሉን ይውጠዋል እንጂ። የ«ነጸብራቅ» ድካሙ ስሜትን ወደ ላይ የሚያወጣበት መሰላል ብዙ ጊዜ አንድ መሆኑ ነው። ምቱ ይፈጥናል፣ ይጠበባል፣ ለአፍታ ይቆማል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ሦስተኛው ላይ ከመምጣቱ በፊት ታውቁታላችሁ።

ይህን ስል ያቺ እህት ደስ አላት። ግን አልጨረስኩም ነበር። «ባለፈው የጾም ጸሎት ሌሊት የዘመርነው መዝሙር ምን ላይ ነው የወጣው?» ብዬ ጠየቅኋት። አሰበችና ሳቀች። ያው መሰላል ነው። ድራሙ ፈጠነ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ሁሉም ቆመ፣ ከዚያ ፈነዳ፤ እኛም እጃችንን አነሣን። መሰላሉ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ያለቀስነው ቃሉ ነክቶን ይሁን ድራሙ አንሥቶን ካልለየን፣ ዓለም ውስጥ «ስሜት ብቻ ነው» ያልነውን ቤታችን ውስጥ «መንፈስ ነው» እንለዋለን። እህታችን «ሁለቱም ቢሆንስ?» አለችኝ። ሊሆን ይችላል። ጥያቄዋን እስካሁን እያሰብኩት ነው።

እናንተም በቡድናችሁ ይህን ሞክሩት። አንድ አልበም ስልካችሁን ሳትነካኩ እስከ መጨረሻ ስሙ፣ ከዚያ ቃሉን ያለ ዜማው አንብቡት፤ አንዳንድ መዝሙር ያኔ ራቁቱን ይቀራል። ሠሪው በአካል ቢቀመጥ የማትናገሩትን በሌለበት አትናገሩ፣ ያ ሐሜት ነው። የምትናገሩትንም ሊያስተካክል በሚችልበት ጊዜ ንገሩት።

ያ ወንድም ሁለተኛ አልበም እየሠራ ነው። ባለፈው ወር ዘጠኝ መዝሙር በቴሌግራም ላከልኝ፤ ሦስት ጊዜ ሰማኋቸው። አራተኛው በጣም ያምራል፣ ስምንተኛው ከሌላ ሰው ዜማ ጋር ይመሳሰላል፣ ስድስተኛው ላይ አሁንም ያ የቀድሞው ትምህርት ሌላ ልብስ ለብሶ መጥቷል። ሁሉንም በአራት ገጽ ጽፌ ላክሁለት፤ «ተባርኬበታለሁ» የምትለዋን አራተኛው ላይ ብቻ፣ ምክንያቷን ጨምሬ ጻፍኳት። እንዳነበበው አይቻለሁ። ሦስት ሳምንት ሆነው፤ እስካሁን አልመለሰልኝም።