የሚያውቅ ገዢ፣ የማያውቅ ሻጭ

ዋጋውን የሚያውቅ ገዢ ዋጋውን የማያውቅ ሻጭ ሲያጋጥመው ዝም ብሎ መግዛት ይፈቀድለታልን? ጥያቄው በእህልና በከብት ገበያ ሲነሳ የኖረ ነው። ዛሬ ግን በአንዲት ትንሽ ዕቃ፣ በሰንጢ ላይ እናንሳው። አሮጌ የኪስ ሰንጢ መሰብሰብና መነገድ በተለይ በአሜሪካ የቆየ ልማድ ሲሆን፣ ትርፉ ከሞላ ጎደል በዕውቀት ላይ የቆመ ነው። ሁለት ሰንጢዎች በመጠንም፣ በቀለምም፣ በስለት ብዛትም አንድ ሆነው ሳለ አንዱ የሌላውን ብዙ እጥፍ ያወጣል።

ልዩነቱ የሚነበበው ስለቱ ከእጀታው ጋር በሚገናኝበት ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ሠሪው ስሙን የሚያትመው እዚያ ነውና። በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ በብራድፎርድ ከተማ የሚገኘውን የኬዝ ፋብሪካ እንውሰድ። ከ1940 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. የሠራቸው ሰንጢዎች የፋብሪካው ስምና ሁለት የኤክስ ፊደላት ብቻ ታትመውባቸዋል። ከ1965 እስከ 1969 የአገሩ ስም በምሕጻረ ቃል ተጨመረ። በ1970 ደግሞ ከጽሑፉ ሥር አሥር ነጥቦች ተደረጉ፤ በየዓመቱ አንድ አንድ ነጥብ እየተቀነሰ ሄዶ የ1979 ሰንጢ አንዲት ነጥብ ብቻ ቀረችው። እንግዲህ እስከ አሥር መቁጠር የሚችል ሕፃን የዚያን ዘመን ሰንጢ የተሠራበትን ዓመት ሊነግረን ይችላል ማለት ነው። ቁጥሩም እንዲሁ ይናገራል። 6254 የሚል ቢታተምበት፣ 6 እጀታው የተቦረቦረ አጥንት ወይም እሱን የሚመስል መሆኑን፣ 2 ሁለት ስለት እንዳለው፣ 54 ደግሞ የቅርጹን ዓይነት ያመለክታል። እውነተኛውን አጥንት ከፕላስቲክ ለመለየት አጉሊ መነጽር ይበቃል፤ አጥንት ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፣ ፕላስቲክ የለውም።

የእንግሊዟ ሼፊልድ ሰንጢዎች በሌላ መንገድ ይነበባሉ። አሜሪካ በ1890 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቀረጥ ሕግ መሠረት ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት ግዴታ ሆነ። ስለዚህ የከተማዋ ስም ብቻ ያለበት ሰንጢ ከዚያ በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል። ይህ ግን ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ለእንግሊዝ ገበያ የተሠራው የአገሩን ስም መያዝ አላስፈለገውምና። በዚህች አንዲት ምልክት ብቻ ተማምኖ “መቶ ዓመት ያለፈው ነው” ብሎ የሚሸጥ ሰው ቢያንስ ቸኩሏል።

ሻጩ አዋቂ ሲሆን ፍርዱ አያስቸግርም። ስለቱ ከሌላ ሰንጢ ተወስዶ ተተክቶ ይሆናል። በሞረድ ብዛት አልቆ ይሆናል። ዝገቱ በማሽን ተፍቆ ታሪኩ አብሮ ጠፍቶ ይሆናል (አሮጌ ሰንጢ አንጸባርቆ ማምጣት ዋጋውን መጨመር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው)። ከዚህም የከፋው የጥንት ማኅተም አስመስሎ መምታት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ባገኙት ጊዜ፣ ባለቤቱ ዝናብ እንዳገኘው ነገራቸው። ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልልም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ነገሩት። የተተካ ስለት እርጥብ እህል ነው።

የሚያስቸግረው አዋቂው ገዢ ሲሆን ነው። በአሜሪካ ሰው ሲሞት የቤት ዕቃው እዚያው ቤቱ ውስጥ ለሽያጭ መቅረቡ የተለመደ ነው። ባሏ የሞተባት አንዲት አሮጊት የሟቹን መሳቢያ ከፍታ “ይህ ሰንጢ አምስት ዶላር ነው” ብትልና ገዢው ማኅተሙን አይቶ ብዙ እጥፍ እንደሚያወጣ ቢያውቅ ምን ያድርግ? ዝም ብሎ የሚገዛው ሰው መልስ አለው፤ መልሱም የሚናቅ አይደለም። “አልዋሸሁም፤ ዋጋውን የጠራችው ራሷ ናት። እኔ ይህን ለማወቅ ዓመታት ደክሜያለሁ፤ ዕውቀቴም ድካሜ ነው፤ አላህ የሰጠኝ ሪዝቅ ነው” ይላል።

በፊቅህ ረገድም የሚደግፈው አያጣም። በሐነፊና በሻፊዒ መዝሐቦች በዋጋ መጎዳት ብቻውን፣ ማታለል እስካልተጨመረበት ድረስ፣ በጥቅሉ ሽያጩን አያፈርስም። ሐንበሊዎች ግን ዋጋ የማያውቅና መከራከር የማይችል ሰው ከልማድ ያለፈ ጉዳት ከደረሰበት ሽያጩን የማፍረስ ምርጫ ይሰጡታል፤ ከማሊኪ ሊቃውንትም ከፊሎቹ ጉዳቱን በሲሶ የለኩ አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነጋዴዎችን ገበያ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ወጥቶ መግዛትን መከልከላቸውና ሻጩ ገበያ ከደረሰ በኋላ ምርጫ እንዳለው መናገራቸውም ይታወቃል። ያ ሻጭ አልተዋሸም ይሆናል፤ የጎደለው የገበያውን ዋጋ ማወቅ ብቻ ነው። የመሳቢያዋ ባለቤትም ገበያውን አላየችም።

ከሕጉ በላይ ደግሞ የጀሪር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ.) ሥራ አለ። አገልጋያቸው አንድ ፈረስ በሦስት መቶ ዲርሃም ተስማምቶ ባለቤቱን ይዞ መጣ። ጀሪር ፈረሱን ባዩት ጊዜ ከዚያ በላይ እንደሚያወጣ ለሻጩ ነገሩትና መቶ መቶ እየጨመሩ ስምንት መቶ አደረሱለት። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ ለሙስሊም ሁሉ ቅን ሊሆኑ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቃል መግባታቸውን ተናገሩ። “አሮጊቷ ሙስሊም ባትሆንስ?” የሚል ይኖር ይሆናል። ሱረቱል ሙጠፊፊን ግን የሚወቅሰው ከሰዎች ሲቀበሉ አሟልተው፣ ለሰዎች ሲሰጡ አጉድለው የሚሰፍሩትን ነው፤ ሙስሊም ብቻ ብሎ አልለየም።

በእኔ አስተያየት ዕውቀት ዋጋ አለው፤ ገዢው የመጨረሻውን ሳንቲም ይክፈል የሚል የለም። ጊዜውን፣ ጉዞውን፣ ሳይሸጥ ሊቀርበት የሚችለውን አስቦ ትርፉን ይያዝ። ግን “ነገ ይህች ሴት ሰንጢውን በእኔ ጠረጴዛ ላይ ከአዲሱ ዋጋው ጋር ብታየው ዓይኗን ማየት እችላለሁን?” ብሎ ራሱን ይጠይቅ። “ስንት ያወጣ ይሆን?” ብላ ከጠየቀችው ደግሞ ነገሩ ተለወጠ፤ ምክር የተጠየቀ ሰው አማና ተሸክሟልና ከዚያ በኋላ ዝምታው ውሸት ነው። ሥራው ዕቃ መነገድ ከሆነ ሰው ጋር በገበያ መከራከር ግን ሌላ ነው፤ እሱ ሊያውቅ ይገባዋል፤ እኔም አላዝንለትም።

ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። “ቆራሌው!” እያለ በየሰፈራችን የሚዞረው ገዢ በር ላይ ሲቆም የአባት ሣጥን ይከፈትለታል፤ ከውስጡ ሰንጢ፣ የብር ጌጥ፣ አሮጌ ሰዓት ይወጣል። ሣጥኑ ደግሞ የእናት ብቻ አይደለም። ሟቹ ልጆች ካሉት የሚስት ድርሻ ስምንተኛ ነው፤ ከቀረው አብዛኛው፣ እንደ ሁኔታውም ሁሉም፣ የልጆቹ ነው፤ ከእነርሱም መካከል የቲም ሊኖር ይችላል። በርካሽ የሄደው ዕቃ ከማን ኪስ እንደሄደ እንግዲህ ይታሰብ። ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት ዕቃው በሚያውቅ ሰው ቢገመት፣ ዝገቱም ሳይፋቅ እንዳለ ቢቀርብ ይሻላል፤ ገማቹ ራሱ ሊገዛ የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ሌላ ገማች መጥራት ያስፈልጋል።