የመንጃ ፈቃዱ ፎርምና የአባት ምስክርነት

 

ይህን የምጽፍላችሁ ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ ግዛት ነው። ሥራዬ ታክሲ መንዳት ነው። አንድ ቀን መግሪብ ሰግደን እንደጨረስን የ16 ዓመቱ ልጄ አንዲት ወረቀት አምጥቶ ሶፋው ላይ አስቀመጠና «አባ፣ እዚህ ጋ ብቻ ፈርምልኝ» አለኝ። ወረቀቱ ልጁ በወላጅ ወይም በአዋቂ ነጂ ጠባቂነት 45 ሰዓት መንዳቱን፣ ከዚያም ውስጥ 15ቱን ሰዓት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መንዳቱን አባት በፊርማው እንዲያረጋግጥ የሚጠይቅ ነበር። እኔና ልጄ አብረን የነዳነው ግን ተደምሮ 19 ሰዓት ቢሞላ ነው። የሌሊቱማ ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ ሌሊት ሌሊት እኔ ሥራ ላይ ነኝና።

«የጓደኞቼ አባቶች ሁሉ እኮ ፈርመዋል» ሲለኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ልጄ ጨዋ ነው፤ ሶላቱን አይተውም፤ በዚህ ላይ እርሱ መኪና ቢነዳ እህቶቹን ከትምህርት ቤት ያመጣልኛል፣ እኔም አርፋለሁ። ደግሞስ ማን ይቆጥራል?

እጄን የያዘው «አረጋግጣለሁ» የሚለው ቃል ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሲታይ የቢሮ ቃል ይመስላል። በእኛ ዲን ግን ስሙ ሸሃዳ፣ ምስክርነት ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከከባባድ ወንጀሎች የከበዱትን ለሶሓቦቻቸው ሲቆጥሩ ተደግፈው እንደነበርና ሐሰተኛ ምስክርነት ላይ ሲደርሱ ተነስተው እንደተቀመጡ፣ ሶሓቦቹ ምነው በበቃቸው እስኪሉ ድረስ ደጋግመው እንዳስጠነቀቁ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አላህም (ሱ.ወ.) በአን-ኒሳእ ምዕራፍ በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በዘመዶቻችን ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ እንድንመሰክር አዟል። ለልጅ መድላት ከዚህ ውጭ የሆነው መቼ ነው? እስክሪብቶውን ወደ ኪሴ መለስኩት። ልጄም አኩርፎ ወደ ክፍሉ ገባ።

ሕጉ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ቀደም ባለው ጊዜ በብዙ አገር ወጣቱ አንድ ፈተና ካለፈ በማግስቱ በፈለገው ሰዓት፣ የፈለገውን ሰው ጭኖ በፈለገው መንገድ ይሄድ ነበር። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1987 ይህን ለወጠችና ፈቃዱን በሦስት ደረጃ ከፈለችው። በመጀመሪያ አዋቂ ነጂ አጠገቡ ተቀምጦ ይማራል፤ ቀጥሎ ብቻውን ይነዳል፣ ግን ሌሊት መንዳትና ሰው መጫን ይገደብበታል፤ በመጨረሻ ሙሉውን ፈቃድ ያገኛል። በአሜሪካ ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ1996 ስትጀምር ሌሎቹ ግዛቶች ተከተሉ። እኛ ባለንበት ቨርጂኒያ ልጁ 15 ዓመት ተኩል ሲሆነው የመለማመጃ ፈቃድ ያወጣል፤ ቢያንስ ዘጠኝ ወር በእርሱ ይቆያል፤ ከ18 ዓመት በታች እስከሆነ ድረስም የመጀመሪያውን መንጃ ፈቃዱን የሚቀበለው ወላጁ ባለበት በፍርድ ቤት ዳኛ ፊት ነው። ከዚያም በኋላ ከቤተሰብ ውጭ ከአንድ በላይ ወጣት አይጭንም፤ ጥቂት ምክንያቶች ካልኖሩት በቀር በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት አይነዳም።

ይህ ሁሉ ልጅን ለማስጨነቅ የተደረገ አይደለም። አዲስ ነጂ አጠገቡ አዋቂ ተቀምጦ ሲለማመድ አደጋው ትንሽ ነው። አደጋው ከፍ የሚለው ያ ሰው ወርዶ ልጁ ብቻውን በሚነዳባቸው የመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ሌሊት ሲሆን ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት የ16 እና የ17 ዓመት ነጂ ከብቻው ይልቅ ሌሎችን ጭኖ ሲነዳ የመሞት አደጋው እንደሚጨምር፣ ተሳፋሪው በበዛ ቁጥርም እየከፋ እንደሚሄድ አሳይቷል። ደረጃውን የተከተሉት አገሮች በወጣቶቻቸው ላይ የሚደርሰው አደጋ ቀንሶላቸዋል።

እኔ ግን ይህን ነገር ከኒውዚላንድ በፊት የማውቀው ከኮምቦልቻ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (በእኛ አቆጣጠር) በወጣትነቴ ከኮምቦልቻ አሰብ በሚመላለስ ባለ ተሳቢ ፊያት ላይ ረዳት ነበርኩ። ሹፌሩ የወሎ ሰው ነበር፤ አላህ ይዘንለት፤ ንግግሩ ጥቂት፣ ቁጣው ብዙ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ሥራዬ ታኮ ማድረግ፣ ጎማ መቀየር፣ ራዲያተር ውሃ መሙላትና እርሱ ሲነዳ ዝም ብሎ ማየት ብቻ ሆነ። በሁለተኛው ዓመት ንጋት ላይ ሞተር አስነስቼ እንዳሞቅና በግቢ ውስጥ እንዳንቀሳቅስ ፈቀደልኝ። ከዚያ በኋላ ከሚሌ ወዲያ ባለው ሜዳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባዶ መኪና፣ እርሱ አጠገቤ ተቀምጦ መሪ ያዝኩ። (ሕጉ ይፈቅደው እንደነበር አልከራከርም።) ጭነት ያለበትን መኪና ለመንዳት ስለምነው ገና ነህ ይለኛል። ወደ ባቲ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለትማ ሦስት ዓመት ሙሉ እጄን አላስነካኝም። ጭነት፣ ሌሊትና ቁልቁለት መጨረሻ ነው ይል ነበር። ያን ጊዜ ምቀኛ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ከፊታችን ሲወርድ የነበረ መኪና ፍሬኑ ግሎ እንቢ ብሎት ገደል ሲገባ አየን። ሹፌሩ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ልጅ ነበር። አስከሬኑን ያወጣነው እኔና አለቃዬ ነን። በማግስቱ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ እንዴት እንደሚወረድ ከላይ እስከ ታች እያንዳንዷን ነገር እየነገረኝ ወረደ። እንዲያም ሆኖ መሪውን አልሰጠኝም።

ስለዚህ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ሥልጠና ብቻውን ይበቃል የሚለውን አልቀበልም። እዚህ ልጄ 36 ክፍለ ጊዜ በክፍል ተምሯል። መኪና ላይ ያሳለፈው ግን 14 ክፍለ ጊዜ ነው፤ በሰባቱ ነዳ፣ በሰባቱ ሌላ ተማሪ ሲነዳ ተመለከተ። ምልክቱንና ሕጉን ከእኔ ይልቅ ያውቃል። ኳስ መንገድ ላይ ስትንከባለል ከኋላዋ ሕፃን እንደሚመጣ አስቀድሞ ማየት ግን የሚገኘው አጠገቡ ከተቀመጠ ልምድ ያለው ሰው ጋር በብዙ ሰዓት ነው። በኖርዌይ ወጣቶችን በሚያንሸራትት መንገድ ላይ መኪና እንዲቆጣጠሩ ማሠልጠን ግዴታ ተደርጎ ሳለ የወጣት ወንዶቹ አደጋ ባሰ፤ ችለናል የሚል ትምክህት አድሮባቸው ነበርና። ዒልም ያለ ትሕትና ምን እንደሚያደርግ እኛ ሙስሊሞች ልናጣው አይገባም።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ደረጃ በደረጃ መሄድ ለእኛ እንግዳ ነው እንዴ? ቁርኣን በአንድ ሌሊት ለሰዎች ተነቦ አላለቀም፤ በ23 ዓመት ውስጥ ከፋፍሎ ወረደ። አስካሪ መጠጥ በአንድ ቀን አልተከለከለም፤ በመጀመሪያ ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ተነገረ፣ ቀጥሎ ሰክሮ ወደ ሶላት መቅረብ ተከለከለ፣ ከዚያ በኋላ ፈጽሞ እርም ሆነ። ልጅን በሰባት ዓመቱ ሶላት እናዘዋለን፤ ጠበቅ የምናደርግበት አሥር ሲሞላው ነው። ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) በኡሑድ ቀን የ14 ዓመት ልጅ ሆነው ለመዝመት ቢቀርቡ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መለሷቸው፤ በኸንደቅ ቀን 15 ሲሆናቸው ፈቀዱላቸው። የተመለሱት ኢማን አንሷቸው አልነበረም፤ ጊዜያቸው አልደረሰም ነበር እንጂ።

«ሁሉም በአላህ ቀድር ነው፣ የመጣው ይመጣል» የሚለኝ የታክሲ ጓደኛ አለኝ። ግመሉን ሳያስር በአላህ መመካት ያሰበውን ሰው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስቀድሞ እንዲያስር ማዘዛቸውን እርሱም ያውቃል። በስሕተት ነፍስ ያጠፋ ሰው ደግሞ ስሕተት ነው ተብሎ ዝም አይባልም፤ ለሟች ቤተሰብ ካሣ አለበት፣ ባሪያ ነፃ ማውጣት ካልቻለ ሁለት ወር ሳያቋርጥ መጾም አለበት። ዑለማዎች ይህን ሕግ ጥፋት ባለበት የመኪና ነጂ ላይም ይጠቅሱታል። እንግዲህ ልጄ ባልነዳው 26 ሰዓት ምክንያት የሰው ልጅ ቢገድል፣ እርሱ 60 ቀን ሲጾም ያንን ሰዓት በፊርማዬ የፈጠርኩት እኔ ምን ልሁን?

አገር ቤት ያላችሁ አባቶች ይህ የአሜሪካ ነገር ነው እንዳትሉኝ። ፎርሙ ባይኖርም ቁልፉ በእጃችሁ ነው። ልጃችሁ ከማሠልጠኛ ወረቀት ይዞ ሲመጣ በዚያው ሳምንት ከነጓደኞቹ ደሴ ወይም ሐዋሳ ሰርግ እንዲሄድ መኪናውን የሚሰጠው ማን ነው? ሳይሠለጥን ፈቃድ በገንዘብ እንዲያወጣ ብር የሚቆጥርለትስ? ይህ ጉቦ ነው፤ የጉቦን ነገር እዚህ ማብራራት አያስፈልገኝም።

እኛ ወደ መንገድ ተመለስን። በሳምንት ሁለት ሌሊት ሥራዬን አቋርጬ፣ ከዒሻ በኋላ ልጄ መሪ ይዞ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ከቤታችን እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ከዚያም በዝናብም ሳይቀር እንመላለስ ጀመር። ገቢዬ ቀነሰ፤ ባለቤቴ ይህን ሳትነግረኝ አልቀረችም። አሥራ አምስቱ የሌሊት ሰዓት ሊሞላ ሦስት ወር ገደማ ፈጀ። በዚያ ጊዜ ከልጄ ጋር ያወራነውን ያህል ከተወለደ ጀምሮ አውርተን አናውቅም። ወረቀቱን የፈረምኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ፈቃዱን ባገኘ በጥቂት ሳምንት ረመዳን ገባ። በሁለተኛው ሌሊት አምስት ጓደኞቹ በራችን ላይ ቆመው ተራዊሕ ይዟቸው እንዲሄድ ለመኑት። «አባ፣ ለዒባዳ እኮ ነው» አለኝ። አንዱን ብቻ ይዞ እንዲሄድ ነገርኩት። የቀሩትን አራቱን በታክሲዬ ጭኜ ከኋላው ተከተልኩ፤ ኢቃማ ሲባል ደረስን። ሲመለስ ይህ እስከ መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። 18 እስኪሞላህ አልኩት። አሁን ወሮቹን እየቆጠረ ነው።