የወራሹ ዕዳ

ሀብትን የወረሰ ሰው ገንዘቡን ብቻ ይወርሳልን? ወይስ ገንዘቡ ስለሚሠራው ሥራ መልስ የመስጠትን ዕዳም አብሮ ይወርሳል?

በናይሮቢ ከተማ፥ በካሳራኒ ሠፈር፥ ኬንያዊው ሊቅ ቶማስ ኦዲያምቦ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1970 ዓ.ም. የመሠረቱት ኢሲፔ የተባለ የነፍሳት ምርምር ተቋም አለ። ሊቃውንቱ በበቈሎው መካከል ዴስሞዲየም የተባለውን የመኖ ተክል፥ በማሳው ዙሪያም የዝሆን ሣር በመትከል የአገዳ ቆርቁርንና አቀንጭራን መከላከልን ለገበሬው አስተምረዋል። ይህን ሥራ ከረዱት አንዱ የሮክፌለር ድርጅት ነው፤ የገንዘቡም ምንጭ የአሜሪካ ነዳጅ ዘይት ነው።

የዚህ ሀብት ወራሽ ትንሹ ጆን ሮክፌለር በ1897 ወደ አባቱ መሥሪያ ቤት ገባ። በ1910 የዘይቱን ኩባንያ አመራር ትቶ ወደ በጎ አድራጎት ዞረ። መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምር የነበረ ጨዋ ሰው ነው። ነገር ግን ቤተሰቡ ከፍተኛ ድርሻ በነበረው በኮሎራዶው የድንጋይ ከሰል ኩባንያ የቦርድ አባልነቱን አልተወም።

በ1913 የማዕድኑ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። በሚቀጥለው ዓመት በኤፕሪል ወር ወራሹ በምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ፥ ኮሎራዶን ካየ አሥር ዓመት ያህል እንደ ሆነው፥ ነገሩንም ለሥራ አስኪያጆቹ እንደ ተወ ተናገረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሉድሎ ወታደሮች በሠራተኞቹ ድንኳኖች ላይ ተኰሱ፤ ድንኳኖቹም ተቃጠሉ። ከአንዱ ድንኳን በታች በተቈፈረ ጕድጓድ ሁለት ሴቶችና አሥራ አንድ ሕፃናት ታፍነው ሞቱ።

«እሳቱን እርሱ አልለኰሰም፤ ባለሀብት ሁሉን በዓይኑ ሊያይ አይችልም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ዳሩ ግን የሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ከኮሎራዶ እስከ ኒውዮርክ ይደርሰው ነበር፤ የሠራተኛው ጩኸት ያልደረሰው ስላልጠየቀው ነው። አለማወቅ ንጽሕና የሚሆነው ለማወቅ መንገድ ለሌለው ነው። አልዓዛር በሀብታሙ ደጅ ተኝቶ ነበር፤ በዘመናችን ግን የባለሀብት ደጅ እጅግ ርቆ ሊገኝ ይችላል።

ወራሹ በ1915 ሄደ። ወደ ማዕድኑ ወርዶ ከሠራተኞቹ ጋር በላ፥ ተነጋገረም። ማኅበራቸውን ባይቀበልም አቤቱታቸው የሚሰማበትን ሥርዐት አቆመ። በ1960 እስኪሞትም ድረስ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጠ። ይህ ልግስና የሉድሎን ሕፃናት አላስነሣም፤ የሉድሎም ኀዘን ከአቀንጭራ የዳነውን በቈሎ አያረክሰውም። ሁለቱ ሒሳቦች ለየብቻ ይቈማሉ፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዝም።

እኛስ? የአባቱን መሬት ወርሶ ለእኩል አራሽ ሰጥቶ በከተማ የሚኖር ከመካከላችን ጥቂት አይደለም። እህሉ ሲመጣልን ከዚያው አሥራት እናወጣለን፤ መልካም ነው። ነገር ግን አሥራቱን ከመስፈራችን በፊት አራሹ ከነልጆቹ በልቶ ማደሩን ሄደን እንጠይቅ።