ሻጩ የማያውቀው ዋጋ

ብይ ያልተጫወተ ከመካከላችን ማን አለ? መሬት ላይ በርከክ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የጓደኛውን ብይ ለመምታት ያላነጣጠረ ማን አለ? እኔም ተጫውቼ አድጌአለሁ። ይሁን እንጂ ይህች የልጅነት መጫወቻ ካደግሁም በኋላ አንድ ከባድ ጥያቄ አስነሥታብኛለችና ከእናንተ ጋር ልመረምረው እወዳለሁ። ጥያቄው ይህ ነው፤ ሻጭ የሚሸጠውን ዕቃ እውነተኛ ዋጋ የማያውቅ፣ ገዥው ግን የሚያውቅ ቢሆን፣ ዝም ብሎ መግዛት ብልህነት ነው ወይስ ስርቆት?

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ ስለ አሮጌ ብዮች ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። በጀርመን አገር፣ በቱሪንጂያ ተራሮች መካከል ላውሻ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የመስተዋት ሥራ የተጀመረባት እ.ኤ.አ. በ1597 ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የከተማዋ ባለሙያዎች ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸውን የመስተዋት ዘንጎች በእሳት አለስልሰው ያጣብቁ፣ እንደ ገመድም እየጠመዘዙ ረዥም በትር ያደርጓቸው ነበር። ከዚያም ጫፉ እንደ ጭልፋ በጎደጎደ መቀስ እያድበለበሉ ብይ ይቆርጡ ጀመር። ብይዋ ከበትሩ በተለየችበት ስፍራ ትንሽ ሻካራ ጠባሳ ይቀራል፤ የሕፃን እንብርት እንደ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1905 በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት በአክሮን ከተማ፣ ማርቲን ፍሬድሪክ ክሪስተንሰን የተባለ ሰው ለብይ መሥሪያ መኪና የፈጠራ መብት አገኘ። ከዚያ ወዲህ፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1914 የተነሣው ጦርነት የጀርመንን ንግድ ካሰናከለ በኋላ፣ የእጅ ሥራው እየቀረ ሄደ። ስለዚህ ዛሬ እንብርት ያላት አሮጌ ብይ በሰብሳቢዎች ዘንድ እንደ ዕንቁ ትፈለጋለች።

ሰብሳቢዎች አንድ ጥብቅ ልማድ አላቸው። ልጆች ሲያጋጯት የኖረች ብይ ፊቷ ይቆስላል። ቁስሉን ለማጥፋት በመሣሪያ የሚወለውሏት አሉ፤ ነገር ግን ውልወላው የመጀመሪያ ቆዳዋን፣ አንዳንድ ጊዜም እንብርቷን ይዞ ስለሚሄድ ዋጋዋን ይቀንሳል። የተወለወለችውን ብይ እንዳልተወለወለች አድርጎ የሚሸጥ ሰው ከመካከላቸው እንደ አታላይ ይቆጠራል። ይህን ልማድ አስታውሱልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

እኔ የምኖረው በዚያው በኦሃዮ ነው። ብይ መለየት ያስተማሩኝ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ሰብሳቢ ናቸው። ባለፈው ሐምሌ፣ አንድ ቅዳሜ ዕለት፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ከቤታቸው የተረፈውን ዕቃ በግቢያቸው ደርድረው ሲሸጡ አገኘኋቸው። ከሳሕኖቹና ከመጻሕፍቱ መካከል ብይ የሞላበት ብልቃጥ ነበረ። ዋጋው 5 ዶላር ነው አሉኝ። ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥቼ ሳገላብጠው የሁለቱን ብዮች እንብርት አየሁ። ልቤ ዘለለ፤ ፊቴን ግን ምንም እንዳላየ ሰው አደረግሁ። ሴትዮዋም፣ «ለልጆች ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎን» አልሁ። ዝምታዬን የሚጠብቅልኝ ውሸት አስፈልጎኝ ነበርና።

በማግሥቱ ከሁለቱ አንዷን ለጎረቤቴ ወሰድሁላቸው። ገና ሳይጠይቁኝ፣ «ከጎኗ ጥቂት ተፈንክታለች» ብዬ አሳየኋቸው። እሳቸውም፣ «ጉድለቷን ሳልጠይቅህ መናገርህ የጨዋ ልጅ ሥራ ነው» ብለው 80 ዶላር ሰጡኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ ምስጋናቸው እንደ እሾህ ወጋኝ። ለሚያውቁት ሽማግሌ የብይዋን ጉድለት ነገርኋቸው፤ ለማያውቁት እናት ግን የብይዋን ክብር ሸሸግሁባቸው።

እንግዲህ ሚዛኑን እንመልከት። ጉድለትን የሚሸሽግ ሻጭ አታላይ ከተባለ፣ ክብርን የሚሸሽግ ገዥ ስለ ምን ብልህ ይባላል? በሁለቱም ዘንድ አንዱ ያውቃል፣ ሌላው አያውቅም፤ በሁለቱም ዘንድ የሚጎዳው የማያውቀው ነው።

ለገዥው የሚከራከሩ ሰዎች ሦስት ነገር ያቀርባሉ። አንደኛ፣ ዕውቀት የድካም ፍሬ ነውና ያወቀ ሊጠቀም ይገባዋል ይላሉ። ሁለተኛ፣ ዋጋውን የጠራው ሻጩ ራሱ ነው፤ ማንም አላስገደደውም። ሦስተኛ፣ የሚያውቅ ሰው ባይገዛው ኖሮ ዕቃው ተሰብሮ ወይም ተጥሎ ይቀር ነበር። እነዚህ ክርክሮች ባዶ አይደሉም። እኔም ብዙ ሌሊት ራሴን አጽናንቼባቸዋለሁ።

ነገር ግን ሐኪምም ዕውቀቱን ያገኘው በድካም ነው፤ የሚከፈለውም በሽተኛውን ስለሚያክም እንጂ በሽተኛው ስላላወቀ አይደለም። እኔ ለሴትዮዋ፣ «ይህች ብይ ውድ ናት፤ ላሽጥልዎና እንካፈል» ብላቸው ኖሮ፣ ያ የዕውቀቴ ደመወዝ በሆነ ነበር። የወሰድሁት ግን የዕውቀቴን ደመወዝ ሳይሆን የእሳቸውን አለማወቅ ዋጋ ነው።

በልጅነታችን፣ ያሸነፈ የሚወስድበትን ጨዋታ ስንጫወት፣ ብዩን የተበላ ልጅ ያለቅስ ይሆናል እንጂ «ተሰረቅሁ» አይልም። ሕጉን አውቆ ገብቷልና። አሮጌ ዕቃ የሚነግድ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ዋጋ ማወቅ የራሱ ሥራ ስለሆነ፣ ከእሱ በርካሽ የገዛ ሰው በጨዋታ አሸነፈው እንጂ አልበደለውም ቢባል ያስኬዳል። ሴትዮዋ ግን ጨዋታ ውስጥ መግባታቸውን እንኳ አላወቁም። ከማይጫወት ሰው ላይ የተገኘ ድል ምን ዓይነት ድል ነው?

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ቅዱስ አውግስጢኖስ ከ1,600 ዓመታት ገደማ በፊት በጻፈው «ስለ ሥላሴ» በተባለው መጽሐፉ፣ በ13ኛው ክፍል፣ ስለ አንድ የቴአትር ተጫዋች ያነሣል። ተጫዋቹ የተመልካቹን ሁሉ የልብ ምኞት እንደሚገልጥ ቃል ከገባ በኋላ፣ ሰው ሁሉ በርካሽ መግዛትና በውድ መሸጥ እንደሚሻ ተናገረ፤ ሕዝቡም አጨበጨበለት። አውግስጢኖስ ግን አይስማማም። እሱ የሚያውቀው አንድ ሰው ነበረ። ለዚህ ሰው አንድ መጽሐፍ ለሽያጭ ቀረበለት፤ ሻጩ ዋጋውን ባለማወቁ ጥቂት ገንዘብ ብቻ ጠየቀ። ሰውዬው ግን ሻጩ ያልጠበቀውን ተገቢውን ዋጋ ከፈለው፤ ይህም ከተጠየቀው እጅግ የሚበልጥ ነበረ። ሁሉም እንዲህ ያደርጋል ተብሎ የሚሰጠው ምክንያት፣ ሌላ ያደረገ አንድ ሰው እስኪገኝ ድረስ ብቻ ነው የሚያገለግለው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ 40 ዶላርና ያልሸጥኋትን ሁለተኛዋን ብይ ይዤ ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄድሁ። ነገሩን ሁሉ፣ «አዎን» ያልሁትንም ጭምር፣ ነገርኋቸው። ገንዘቡን ተቀበሉ፤ ብይዋንም ወደ ብርሃን አንሥተው ብዙ ተመለከቷት። ያመሰግኑኛል ብዬ ጠብቄ እንደ ነበር አልሸሽግም። እሳቸው ግን፣ «ያን ዕለት ስለ ምን አልነገርኸኝም?» ብቻ አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የሁላችንም ዕጣ ብይ መሰብሰብ አይደለም። ነገር ግን ሁላችንም ሌላው የማያውቀውን አንድ ነገር የምናውቅበት ቀን አለ፤ በገበያም፣ በመሥሪያ ቤትም፣ በቤተ ዘመድ ውርስም። በዚያን ቀን፣ ዋጋውን ከመቁረጣችን በፊት፣ እኔ በኋላ የተጠየቅሁትን ጥያቄ አስቀድመን ራሳችንን ብንጠይቅ መልካም ይመስለኛል። መልስ ካጣንለት፣ ዋጋው ገና አልተከፈለም።