የተሰወረ ድካም

ማሲንቆ መቺ በጉባኤ መካከል ተቀምጦ ሲጫወት ያየ ሰው ሥራው እጅግ ቀላል ይመስለዋል። ዳሩ ግን ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ ያለው፣ ለጣት ማረፊያ የሚሆን ምልክት በአንገቱ ላይ ያልተደረገለት መሣሪያ ነው። ተጫዋቹ ትዝታንም ሆነ ባቲን፣ አንቺ ሆዬንም ሆነ አምባሰልን ከዚያች ከአንዲት አውታር ሲያወጣ የእያንዳንዱን ድምፅ ስፍራ የሚያገኘው በጆሮውና በጣቱ ልማድ ብቻ ነው፤ ያውም አንድ እጁ ደጋኑን እየሳበ፣ አፉም ግጥም እየደረደረ።

ታዲያ ይህን ያህል ድካም ከአድማጭ መሰወር ማታለል ነውን? አይደለም። ሸክሙን ለብቻ ተሸክሞ ለሌላው ደስታውን ብቻ ማቅረብ ልግስና ነው። ደግሞም ጣት ስፍራውን በመፈለግ ላይ ሳለ ሐሳብ ከጣት አይነሣም፤ ጣት ሲለምድ ግን ልብ ነጻ ወጥቶ የዜማውን ትርጉም ለማሰብ ይችላል።

ጉዳቱ በሌላ በኩል ነው። ቅልጥፍናውን እንጂ ልምምዱን ያላየ ወጣት፣ ነገሩ በተፈጥሮ ብቻ የሚሰጥ መስሎት፣ የመጀመሪያው ሻካራ ድምፅ ሲወጣበት ተስፋ ቆርጦ መሣሪያውን ይሰቅላል። ስለዚህ አዋቂ ድካሙን ከጉባኤ ቢሰውር ያስመሰግነዋል፤ ከደቀ መዝሙሩ ቢሰውር ግን ዕውቀቱን እንደ ነፈገ ይቆጠራል።